ሲመለስ የሚነካው አገልግል

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ሰባት ባቄላ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት፣ ሰባት ነው። ከአሮጌ ነጠላ በሰፋኋት ትንሽ ከረጢት ከትቼ አፏን በክር ቋጠርኩና ከአገልግሉ ሥር አስቀመጥኳት። በላይዋ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ለሳምንት የሚሆን ሽሮ። ክዳኑን ገጥሜ በጠፍሩ አሰርኩት። ነጋዴው አያ ጥላሁን በቅሏቸውን ይዘው ደጅ ቆመው «የሺ፣ ፀሐይ ወጣች እኮ» ይላሉ። ተቀብለውኝ ሄዱ።

የምጽፈው ልጄ ስመኝ ትታው በሄደችው ደብተር ነው። ከፊት በኩል የሷ ቁጥርና ቀስት ሞልቶታል፣ እኔ ከኋላ ጀመርኩ። ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ባልትና ሻጭ ነኝ፣ ጽሕፈቴም ዶሮ የጫረው ይመስላል። ግን ወሬ የምትወድ ሴት ዝም በይ ስትባል የት ትድረስ። ለደብተር ታውራ እንጂ። ሳበቃ ከሽሮው ጆንያ ሥር እደብቀዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ስመኝ ሞጣ ላይ ፊዚክስ ታስተምራለች። እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል። ባሏ ለሥራ አዲስ አበባ እንደሄደ መንገዱ ተዘጋና ከዓባይ ድልድይ ወዲያ ቀረ። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። እኔ እሷን የወለድኳት እናቴ ቤት ነው፣ እናቴም እኔን እንደዚያው። አከራይዋ እትዬ ዘይነባ እንደ ልጃቸው ይዘዋታል፣ አልዋሽም። ቢሆንም ወደኔ መምጣት አለባት።

መኪና የለም። ስልክ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም በቀናው ቀን። የቢቸና ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚወጣ። የሚጮኸው ይጮኻል፣ የሚሰማው ይሰማል። የኔ ስልክማ ጆሮው ተበላሽቶ በላውድ ካልሆነ አይሰማም።

የጎረቤቴ የእናኑ ልጅ ጌትነት ከዚያ ጉብታ ላይ ሆኖ «ሐሙስ እነሳለሁ» ብሎ ለወንድሙ ጮኸ። ሐሙስ ዕለት ከመንገድ ወሰዱት። ሰነባብቶ ሬሳው መጣ። ቀኑን ማን ሰምቶ ለማን እንደነገረ እስከዛሬ አልታወቀም። ያን ቀን ጉብታው ላይ እኔም ነበርኩ፣ እኔም ሰምቼዋለሁ።

ስለዚህ የስመኝ መነሻ ቀን በስልክ አይነገርም። በወረቀትም አይጻፍም፣ ወረቀት ይነበባል። በባቄላ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ጉብታው ላይ ወጣሁ። ተራዬ ሲደርስ ስመኝን አገኘኋት። ድምፅዋ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ እንደ ንፋስ ይሆናል።

«እማዬ፣ ሰባቱም ዳቦ ደርሶኛል።»

ዳቦ አልላክሁም። ዳቦ የምንለው ባቄላውን ነው። ሰባት ልኬ ሰባት ደረሰ። ሲሄድ ማንም አልነካውም ማለት ነው።

«ብይው እንግዲህ» አልኳት። ሰባት አሁን በሰው ሁሉ ጆሮ ገብቷልና ከእንግዲህ አይሠራም። ይሄ የፈተና ሳምንት ነው። እሷም ምንም ሳትጨምር ሰባቱን እንዳለ ትመልሳለች፣ እኔም ቅዳሜ ሰባት ካገኘሁ መንገዱ ንጹሕ ነው እንላለን።

ይሄን ያስተማረችኝ ለጥምቀት መጥታ ሳለ ነው። እኔ የሽሮ ባቄላ እለቅማለሁ፣ እሷ እግሯን ዘርግታ ታያለች። የሁለተኛ ዲግሪዋን ጽሑፍ ርዕስ በቃሌ ይዤዋለሁ። በጫጫታ መስመር ላይ ሁለት አቅጣጫ ያለው ሚስጥራዊ የኳንተም ግንኙነት። ኳንተም ምን እንደሆነ ዛሬም አጥርቼ አላውቅም። እንደነገረችኝ ከሆነ ብርሃን እንደ ጤፍ ፍሬ አንድ አንድ እየተባለ ይላካል። ያቺን ፍሬ ሳይነካት የሚያያት የለም፣ ያያት ሰው ይለውጣታል። ሰላይ ካለ አሻራው ይቀራል።

«እንደ ሊጥ ነዋ፣ ጣቱን የነከረ ይታወቃል» አልኳት። እስኪያማት ሳቀች።

ሁለት አቅጣጫ ያለችው ደግሞ፣ አንዷ ትልካለች፣ ሌላዋ ተቀብላ ወይ እንዳለ ወይ ትንሽ ለውጣ ትመልሳለች። ወሬው ያለው በሄደውና በተመለሰው መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ሲሄድ ብቻ ያየ ሰው ምንም አላገኘም። ሲመለስ ብቻ ያየም ምንም አላገኘም።

የኛም እንደዚያው ነው። ስንት ባቄላ እንደላክሁ የማውቀው እኔ ነኝ። የምትመጣ ከሆነ አንድ ፍሬ ትጨምራለች። የማትመጣ ከሆነ እንዳለ ትመልሳለች። አንድ ፍሬ ማለት «በሚቀጥለው ዓርብ ማታ ጉንደ ወይን ነኝ» ማለት ነው። የእትዬ ዘይነባ ወንድም ከሞጣ ጉንደ ወይን፣ አያ ጥላሁን ከቢቸና ጉንደ ወይን ይነግዳሉ። ማክሰኞና ዓርብ እማማ ዘርፌ የሚባሉ ሴት ቤት አድረው ዕቃ ይለዋወጣሉ። አገልግሌም የሚያልፈው እዚያው ነው። ስመኝን ወንድምየው እስከዚያ ያደርሳታል፣ ከዚያ አያ ጥላሁን በበቅሎ ወደኔ። ሁለቱም ቀኑን የሚሰሙት በመጨረሻዋ ሰዓት ነው።

«ያ ጫጫታ ያልሽውስ ምንድነው?» ብያት ነበር።

«መስመሩ ራሱ እኮ ፍሬዋን ይነካካታል እማዬ። ሙቀቱ፣ መንቀጥቀጡ። እሱን ነው ጫጫታ የምንለው። ክፋቱ ጫጫታውና ሰላዩ የሚተዉት አሻራ አንድ ዓይነት ነው።»

«ታዲያ በምን ትለያለሽ?»

«እሱን የለየሁ ቀን እመረቃለሁ።»

ሕጋችን አንድ ነው። ተነክቶ ከተገኘ ማንም ንቅንቅ አይልም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ተነክቷል።

አገልግሉ ሲመጣ ጠፍሩ እኔ እንደማስረው አልታሰረም። ያው ስመኝ አስራው ይሆናል አልኩ። ከረጢቷን ሳነሳት ከበደችኝ። ዘረገፍኩት። ሠላሳ አራት። እንደገና ቆጠርኩ። ሠላሳ አራት። ሰባት ልኬ ሰባት መምጣት ሲገባው።

ስመኝ እንዲህ አታደርግም። ተጫውታ አታውቅም በቁጥር።

አንድ ሰው ከፍቶታል። አይቶታል። ቁጥር መሆኑ ገብቶት ሊያሳስተኝ ነው ወይ? ወይስ አውቄብሻለሁና እወቂ ሊለኝ? ባቄላዎቹን በሰፌድ ላይ አስጥቼ ሳያቸው ዋልኩ። ባቄላ ናቸው፣ ምን ይላሉ።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ከቅዳሴ መልስ እናኑ ቤት ገባሁ። አሁንም ከገጠር ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ አለ፣ ንፍሮው ከምድጃ አልወረደም። ስወጣ አንድ ሳህን ሞልታ «ይዘሽ ሂጂ፣ ብቻዬን አልጨርሰው» አለችኝ። እምቢ አይባል። ቤቴ ወስጄ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ አየሁት። ልጇን እያሰብኩ፣ ልጄን እያሰብኩ አንድ ፍሬ ሳልቀምስ ከደንኩት።

አገልግሉን የሚይዘው ማነው? አያ ጥላሁን ናቸው። ከኔ እጅ ወደሳቸው፣ ከሳቸው ወደኔ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ማሰቤን አልተውኩም። ጌትነት የሄደበትንስ ቀን የሰማ ነጋዴ አልነበረም? መንገድ ላይ የሚውል ሰው ከማን ጋር እንደሚያወራ ማን ያውቃል?

ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «እንደምን ከረምሽ የሺ» አሉኝ። አንገቴን ብቻ ደፋሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

አፌን መያዝ አልቻልኩም። ሄድኩ። በቅሏቸውን ሲያጥቡ አገኘኋቸው።

«አያ ጥላሁን፣ አገልግሌን መንገድ ላይ የሚፈታው ሰው አለ?»

«ማን ይፈታዋል?»

«እኔ ምን አውቄ። የሚሄደው በእጅዎ ነው።»

ጨርቁን ውኃው ውስጥ ጣሉት። «የሺ፣ አባትሽን በነዚህ እጆቼ ቀብሬያለሁ። የሰው አገልግል ፈትቼ የምበላ መሰልኩሽ?»

«ተበላብኝ አላልኩም።»

«እንግዲያ ምን ጎደለብሽ?»

ምን ልበላቸው? ባቄላ ጨመሩብኝ ልበል? ጎደለ ብሎ የሚጣላ ሰው አይቼ አውቃለሁ፣ ተረፈ ብላ የምትጣላ ሴት ግን እኔ የመጀመሪያዋ መሆኔ ነው።  ዝም ማለቴ ባሰ።

«ሌላ ሰው ፈልጊ» አሉኝ። ፊታቸውን ወደ በቅሏቸው መለሱ።

መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ መጣሁ። ሽሮ ሊገዙ የመጡ ሴቶች ደጄ ቆመው ጠበቁኝ፣ በርበሬ ገባብኝ አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ሌላ ሰው የለም። ጎሕ ሲቀድ አገልግሉን ይዤ እሳቸው የሚያልፉበት መታጠፊያ ላይ ቆምኩ። አዩኝ። ቃል ሳይተነፍሱ ተቀበሉኝ፣ ከጭነቱ ላይ አሰሩት፣ ሄዱ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

አራት ከተትኩ። ዳግመኛ ፈተና። ጊዜ የለንም፣ ግን ሕግ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

«አራቱም ዳቦ ደርሶኛል እማዬ።»

ሲሄድ ደህና ነው። አሁንም ሲሄድ ደህና ነው።

«የላክሽው እንዳለ ተመልሶልሻል ወይ?» አለች። ያለፈውን ሰባቱን ማለቷ ነው።

«እንዳለ አልተመለሰልኝም» አልኳት። ገባት። ከኋላዬ የቆመው ጎልማሳ «እናት፣ ቶሎ በሉ፣ ሌላውም ሰው ነው» ይለኛል።

«እግሬ አብጧል» አለች ከዚያ። «አዋላጇ አየችኝ። ወደታች ወርዷል አለችኝ። በበቅሎ ለመቀመጥ...»

እዚያ ላይ ተቆረጠ። መልሼ ደወልኩ፣ መልሼ ደወልኩ። በበቅሎ ለመቀመጥ ምን? ይቻላል ነው፣ አይቻልም ነው? ጎልማሳው ስልኩን ከእጄ ሊነጥቅ ምንም አልቀረው። ወረድኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

አገልግሉ መጣ። አያ ጥላሁን ደጄ ላይ አስቀምጠው፣ «ቤቶች» እንኳ ሳይሉ አልፈዋል።

አርባ አንድ። አራት ልኬ አርባ አንድ።

ተቀምጬ አለቀስኩ። ሕጉ ግልጽ ነው፣ ማንም ንቅንቅ አይልም። እንግዲህ ልጄ እዚያው ሰው አገር ብቻዋን ትወልዳለች፣ እኔ እዚህ ባቄላ እቆጥራለሁ። ነይ ብላት መንገድ ላይ የሚጠብቃት ማን እንደሆነ አላውቅም። ቅሪ ብላት ደግሞ ልጄን ለብቻዋ ጣልኳት። በሁለቱም በኩል ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ።

ይሄን ቶሎ ልጻፈው።

የእናኑ ሳህን ትዝ አለኝ። ሳምንት ሙሉ እኔ ዘንድ ተቀመጠ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አጠብኩት። አጥቤ ሳበቃ እጄ በራሱ ወደ ሽሮው ጆንያ ገባ። ሳህኑን ሞላሁት። ለምን ሞላሁት? ማንም አላዘዘኝም። ባዶ ዕቃ ለመመለስ አፍሬ ነው። ሳላስበው።

እጄን ሽሮ ውስጥ እንዳደረግሁ ቆምኩ።

ከኔ ሲሄድ አገልግሉ ሙሉ ነው፣ ማንም አይነካውም። ሁለቴም አልተነካም፣ ሰባቱም ደርሷል፣ አራቱም ደርሷል። ሲመለስ ባዶ ነው፣ ከከረጢቷ በቀር። የሚነካውም ሲመለስ ብቻ ነው። ሁለቴም ሲመለስ ብቻ።

ሰላይ ቢሆን ሲሄድም ማየት ነበረበት። ሲመለስ ብቻ ያየ ምንም አያገኝም፣ ራሷ ናት ያለችው። የቁጥሩን መነሻ ሳያውቅ መድረሻውን ማየት ምን ይጠቅመዋል? ሌባ ሁለት ጊዜ ይከፍታል። አንድ ጊዜ፣ ያውም ባዶውን የሚከፍት፣ ከፍቶም እፍኝ የሚጨምር፣ እንደኔ ያለ ሰው ነው። ባዶ ዕቃ መስደድ ያሳፈረው ሰው።

ስመኝ ጫጫታ የምትለው ይሄ ነው። ጫጫታው ደግነት ነው።

ልክ ልሁን አልሁን አላውቅም። ሳህኑን ለእናኑ ሰጠኋት። «ምን አስቸገረሽ፣ ባዶውን አትመልሺልኝም?» አለች። እንዲያው ልስማት ምንም አልቀረኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 14

አያ ጥላሁን ቤት ሄድኩ። ከደጃፍ ቆምኩ።

«ድንጋይ ተሸክሜ ልምጣ ወይስ እንዲሁ ይቅር ይሉኛል?»

«ባለ ሽሮ ድንጋይ ምን ያደርግልሻል» አሉ። አልሳቁም። ግን ግቢ አሉኝ።

የባቄላውን ነገር አልነገርኳቸውም። እማማ ዘርፌ ምን ዓይነት ሴት ናቸው ብዬ ብቻ ጠየቅሁ።

«ዘርፌ?» አሉ። «ባዶ ዕቃ ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም። የኔን ስልቻ እንኳ ገለባ ታጭቅበታለች፣ ለበቅሎህ ትላለች። ያንቺማ አገልግል ሲመለስ ያሳዝናታል። ይቺ ልጅ ለእናቷ የምትልከው ይቺን ጭብጥ ባቄላ ነው ወይ፣ ቢቸግራት ነው እንጂ ብላ ከጎተራዋ ትጨምርበታለች። ፊት ለፊቴ ነው የምትጨምረው። ምነው?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰው ለሰው እፍኝ ባቄላ ሰጠ ተብሎ ይነገራል?»

ከዚያ አዩኝ። ቀስ ብሎ ገባቸው መሰለኝ፣ ሁሉም ሳይሆን ጫፉ። «ለዚች ነው ያኮረፍሽኝ» አሉ። እግራቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝ።

ከዚያው ወደ ጉብታው። እማማ ዘርፌን አትጨምሩ ማለት አይቻልም። ለምን ይላሉ፣ ለሰው ያወራሉ፣ ደግሞም ሰውን ደግ አትሁን ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ባዶ እንዳይሆን ማድረግ። ስመኝን ሳገኛት ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ጮህኩባት።

«ስሚ አንቺ፣ አገልግሌን ባዶ አትላኪብኝ። አሳዳጊ የበደለን አስመሰልሽን። በመንገድ የሚያየው ሰው እያዘነልሽ እፍኝ ባቄላ ይጨምርልሻል። ሙሉ አድርገሽ ላኪ፣ እስከ አፉ።»

ጉብታው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዷ «አይ እናቶች» አለች።  ከዚያ የስመኝ ሳቅ መጣ፣ በዚያ በሚቆራረጠው መስመር ላይ፣ አንዴ ቅርብ አንዴ ሩቅ።

«እማዬ፣ እኔ ሳልመረቅ አንቺ ተመረቅሽ» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

አሥራ አንድ። ይሄ ፈተና አይደለም። በስልክም አይጠራም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

አገልግሉ ክዳኑ አልገጥም ብሎ መጣ። እትዬ ዘይነባ እሳቸውም ጾም ላይ ሆነው የማፍጠሪያ ቴምራቸውን፣ ዳቦ፣ ሁለት ክንድ ሻሽ ሳይቀር አጭቀውበታል። እማማ ዘርፌ የት ይጨምሩ።

ከረጢቷ ከሥር ነበረች። በስመኝ አቋጣጠር እንደታሰረች። 

አሥራ ሁለት።

አንዷን እማማ ዘርፌ ጨምረዋት ቢሆንስ ብዬ ደግሞ ጭንቅ ያዘኝ። ከዚያ ሳስበው አንድ ፍሬ ብቻ የሚጨምር ቸር የለም። እሳቸው ሲሰጡ እፍኝ ነው። አንድ ፍሬ የስመኝ ናት።

የፊታችን ዓርብ ጉንደ ወይን ናት። ቅዳሜ እኔ ዘንድ። ደስ ሊለኝ ሲገባ መንገዱን ማሰብ ጀመርኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ከሰኞ ጀምሮ ጉብታው ላይም ስልክ የለም። ሰው ወጥቶ ይቆማል፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል፣ ይወርዳል። ማታ ማታ ከሩቅ የሚሰማ ነገር አለ፣ ነጎድጓድ ነው እንባባላለን።

ያዘጋጀሁት፦ የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤ (ለአራስ ጾም የለም)፣ አብሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ለበቅሎዋ ኮርቻ የሚነጠፍ ድርብ ደላንታ። አልጋዬን ለሷ አነጠፍኩ፣ እኔ መደቡ ላይ።

ነገ ጎሕ ሲቀድ ለአያ ጥላሁን እነግራቸዋለሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 26

ነገርኳቸው። «ዛሬ ማታ እማማ ዘርፌ ቤት ልጄ አለች። ነገ ያምጡልኝ።»

 ጭነታቸውን ከበቅሏቸው ላይ አወረዱና እኔ ቤት ጣሉት። ደላንታውን ኮርቻው ላይ አመቻቹ። «የሺ፣ አሁን ነው ይቅር ያልሽኝ» አሉኝ። ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ሆኜ ሳለ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

አልመጡም።

በቀትር አልመጡም። በዘጠኝ ሰዓት መንገዱ አፋፍ ድረስ ወጣሁ። እናኑ ጥቁሯን እንደለበሰች መጥታ አጠገቤ ቆመች።  ያቺ ሴት መንገድ አይታ መጠበቅ ታውቃለች። ፀሐይ ስትገባ እጄን ይዛ መለሰችኝ።

አሥራ ሁለት ነበር። ቆጥሬዋለሁ። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። ነይ ያልኳት በኔ ግምት ነው። ጫጫታ ነው ያልኩት ጆሮ ቢሆንስ?

እሑድ፣ መጋቢት 28

አያ ጥላሁን መጡ። ብቻቸውን። ባዶ ኮርቻ። አገልግሌን ታቅፈው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ለመስማት ጆሮዬ ጊዜ ወሰደ። ዓርብ ሲደርሱ የእማማ ዘርፌ በር ተዘግቷል። ስመኝ ደርሳለች፣ መንገድ ላይ ማንም አልነካትም፣ ግን እዚያው ምጥ ይዟታል። ወንድ አይገባም ተብለው ጎረቤት አደሩ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ጠበቁ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ እማማ ዘርፌ በአጥር ላይ አገልግሉን አቀበሏቸው። «ተገላግላለች። ለእናቷ ስጥ፣ ትምጣ በላት።» ይሄን ብለው ገቡ።

«ሕፃኑስ?»

«አልነገረችኝም።»

«አልጠየቁም?»

«ዘወር ስል ገብታለች የሺ።»

«እልልታስ? እልልታ ሰምተዋል?»

መሬት መሬት አዩ። «አልሰማሁም። ግን የዘንድሮ ሰው እልልታውንም በሆዱ ነው። ድምፅ የት ያደርሳል ብሎ ይፈራል።»

አገልግሉን ተቀብዬ ተቀመጥኩ። ከባድ ነው። እማማ ዘርፌ ባዶ አይሰዱም፣ ይሄን አውቃለሁ። ግን ክፉ ነገር ደርሶ ከሆነ ሴት ከዚያ ቤት ምን ብላ ምን ትሞላበታለች? ጠፍሩን ነካሁት፣ መፍታት አቃተኝ። ያልተከፈተ እስከሆነ ድረስ ሁለቱም ነው፣ ሕይወትም ሞትም፣ ስመኝም እንደዚህ ያለች መሰለኝ አንድ ቀን።

እናኑ አጠገቤ ነበረች። «አምጪው» አለችኝ። አልሰጠኋትም። ከጭኔ ላይ አነሳችው፣ ጠፍሩን ፈታች፣ ክዳኑን ከፈተች። ብዙ አየችው። እጇን ከተተች።

«የሺ፣ ቆሎ ነው» አለች።

«ምን?»

«ቆሎ። የተቆላ። ንፍሮ አይደለም።» በእጇ ዘግና አሳየችኝ፣ ገብሱን፣ ሽምብራውን፣ መሀል መሀሉ ላይ ሱፉን። «እኔ ንፍሮ አውቃለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ስቀቅል የኖርኩ ሴት ነኝ። ሕፃን የሞተበት ቤት ለአያቱ ቆሎ አይልክም።»

ዱቄቱና ቅቤው ተጭኗል። ነገ ጎሕ ሲቀድ ከአያ ጥላሁን ጋር እነሳለሁ፣ ቀኑን ለማንም አልነገርኩም፣ ለእናኑ ብቻ። ሄጄ በዓይኔ እስካይ እርግጠኛ አይደለሁም። እማማ ዘርፌ ቸኩለው እጃቸው የገባላቸውን ሞልተውበት እንደሁስ ማን ያውቃል።

ግን አንድ ዘግኜ ቀመስኩት። ጨው አለው። ከውኃ ጋር ረጭ ረጭ ተደርጎ፣ ከእሳቱ ሳይወርድ፣ በደንብ የገባ ጨው። ያዘነች ሴት ጨውን አታስታውስም።